ሳነቴ ላይ የሚያቃስተው ላንድክሩዘሬ፤ እስቲ ምከሩኝ

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኛል። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ የፎር ባይ ፎር ወዳጆች ተሰባስበን ባሌ ተራሮች ላይ ድንኳን እንተክላለን። የእኔ መኪና ያረጀ የናፍጣ ላንድክሩዘር ነው፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ምንም አይለውም። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ዳገቱን ሲጀምር ግን ሴኮንዳ ላይ እንኳ ያቃስታል። ከኋላዬ ያለው ሰው መስኮት እስኪዘጋ ድረስ ጥቁር ጭስ ይለቃል። እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍማ 4377 ሜትር ነው፣ አይታሰብም!

4000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሲሶ ያህል እንደሚሳሳ አውቃለሁ። የሚረጨው ናፍጣ ግን ያው ነው። የአየር ፊልትሮው አዲስ ነው። አንዱ መካኒክ «ፓምፑ ላይ ናፍጣ አስቀንስ» አለኝ፤ ሌላው «ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሽ»። ማንን ልመን? ባስቀንስስ፣ ስመለስ ከተማ ውስጥ ጉልበት አያንሰኝም?

ሌላው ጣጣ ጠዋት ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርድና ድንኳኑ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ሞቶሪኖው ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባትሪው ደህና ነው። ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ሳልፈታ አንድ በአንድ የምለካበት መንገድ አለ? ዘንድሮም በግፊ ከተነሳሁ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ መሆኔ ነው። ሞክራችሁ ያያችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ጉዞው ደርሷል።