ሳይጋ ላይ እጀታና ታጣፊ ሰደፍ ማስገጠም ሕጉ ምን ይላል?

የዳላሱ፦
ሰላም የመሣሪያ ወዳጆች። በቅርቡ ያገለገለ ሳይጋ ገዛሁ፣ ራሺያ ኢዥማሽ ፋብሪካ የተሠራው፣ የክላሽ ጥይት የሚጎርሰው 7.62 በ39። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ክላሽ ነው ግን ሰደፉ የአደን ጠመንጃ ሰደፍ ነው፣ ፒስቶል ግሪፕ (የሽጉጥ ዓይነት እጀታ) የለውም፣ ካዝናው 10 ብቻ ነው የሚይዘው። ጓደኞቼ ሲያዩት ይስቁብኛል። እንደ አገር ቤቱ ታጣፊ ላደርገው ፈልጌ አንድ ልጅ እጀታ ከጨመርክበት ፌዴራል ወንጀል ነው አለኝ። እኔ ከሱቅ ባክግራውንድ ቼክ አልፌ ነው የገዛሁት፣ ደግሞስ ቴክሳስ ነው ያለሁት ማን ምን ያገባዋል? ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ቆጣሪው፦
ልጁ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ። ቴክሳስ አይከለክልህም፣ ነገሩ የፌዴራል ነው፣ 922 አር የሚባል የመሣሪያ ሕግ አንቀጽ አለ። በ1989 የወታደር መልክ ያላቸው ሴሚ አውቶማቲኮች ለስፖርት አይሆኑም ተብሎ ከውጭ እንዳይገቡ ታገዱ፣ በ1990 ደግሞ ኮንግረስ ያንኑ የታገደ ጠመንጃ ከውጭ በመጡ ዕቃዎች እዚህ መገጣጠምም ክልክል ነው አለ። ሳይጋህ የአደን መሣሪያ መስሎ የመጣው ለዚህ ነው እንጂ ራሺያኖቹ እጀታ መሥራት አቅቷቸው አይደለም 😄

አሁን ቆጠራው ላይ እንምጣ። ኤቲኤፍ (መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) 20 ዓይነት ዕቃ ዘርዝሯል፣ ከነዚህ ውስጥ ጠመንጃህ ላይ ያሉት የውጭ ዕቃዎች ከ10 መብለጥ የለባቸውም። ዊንጩ፣ ስፕሪንጉ፣ ማነጣጠሪያው አይቆጠርም። ያንተ ሳይጋ እንደመጣ 14 አለው፦ ሪሲቨር (ዋናው አካል)፣ በርሜል፣ ትራኒየን (በርሜሉን ከሪሲቨሩ ጋር የሚይዘው)፣ ቦልት፣ ቦልት ካሪየር፣ ጋዝ ፒስተን፣ ቃታ፣ ሃመር (መቺው)፣ ዲስኮኔክተር (ቃታ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ እንዲተኮስ የሚያደርገው)፣ ሰደፍ፣ የፊት እንጨቱ፣ ከዛ ካዝናው ብቻውን ሦስት ነው (አካሉ፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው፣ የታች ክዳኑ)። እንዳለ ከተውከው 14ቱም ራሺያ ቢሆኑ ችግር የለም ምክንያቱም በአደን መልኩ ነው የገባው። እጀታ ስትገጥም ወይም ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና ስትሰካበት ግን መቁጠር ይጀመራል። ስለዚህ አራት ዕቃ በአሜሪካ ሥራ ትቀይራለህ፦ ቃታ፣ ሃመር፣ ዲስኮኔክተር አንድ ላይ ነው የሚሸጡት፣ አራተኛው ሰደፉ። 10 ቀረ ማለት ነው። የምትጨምረው እጀታም የአሜሪካ ይሁን፣ የቡልጋሪያ ከገጠምክ 11 ሆነ።

ቢቆጥር ቢቆጥር፦
እረ ብሮ አታስፈራራው። ቃታ መቀየር ምን አደከመው፣ የአሜሪካ ካዝና ይግዛ ሦስት አገኘ፣ ሰደፉ አራት፣ አለቀ። ደግሞ ተኩስ ሜዳ ላይ ጠመንጃህን ፈታትቶ የሚቆጥር ፖሊስ እኔ አላየሁም፣ በዚህ ብቻ የተከሰሰም አላውቅም።

ቆጣሪው፦
ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን አንድ ቀን የራሺያ ካዝና ከሰካበት 13 ገባ። ቃታውን ከቀየረ ግን የካዝናዎቹ ሦስት ከ10ሩ ውስጥ ስለሆኑ የፈለገውን ይሰካ። ለዚህ ነው ቃታው ይሻላል ያልኩት፣ ሲተኮስም ከፋብሪካው ቃታ የለሰለሰ ነው።

እማማ ዘነቡ ልጅ፦
"የተከሰሰ አላውቅም" የሚለው ነገር ለሲቲዝን ይሠራ ይሆናል። ወንድሜ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ ብሏችኋል እኮ! አውቆ የጣሰ እስከ 5 ዓመት እስር አለው፣ ከዛ በላይ ደግሞ የመሣሪያ ጥፋተኝነት ኢሚግሬሽን ሕጉ ላይ ለብቻው የተጻፈ የዲፖርት ምክንያት ነው። በሌላ ነገር ተይዘህ ጠመንጃህ ኤግዚቢት ሲሆን ያኔ ነው የሚቆጠረው። በአንድ ቃታ የሚያርከፈክፍ ማድረግንማ እንዳታስበው፣ እሱ ሌላ ሕግ ነው፣ 10 ዓመት። በርሜሉንም ከ16 ኢንች በታች እንዳታስቆርጥ፣ ለአጭር ጠመንጃ ይከፈል የነበረው 200 ዶላር ታክስ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆነ እንጂ ኤቲኤፍ አስቀድሞ ማጽደቁ አልቀረም፣ ብዙ ሰው ነጻ ሆነ ብሎ ተሳስቷል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል ብለህ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ወደኛ ይዘኸው እንዳትመጣ። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ ክላሽ በየትኛውም መልኩ ይዞ መግባት አይቻልም፣ ቆጠራውን ብታሟላም አያድንህም።

የዳላሱ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ገብቶኛል። ቃታውንም ሰደፉንም እቀይራለሁ፣ የማግፑል ታጣፊ አይቻለሁ የአሜሪካ ሥራ ነው። ግን ሰደፉ ሲታጠፍ የጠመንጃው ጠቅላላ ርዝመት ሕጉ ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው 26 ኢንች በታች ቢወርድስ?

ቆጣሪው፦
ፌዴራሎቹ የሚለኩት ተዘርግቶ ነው፣ አትጨነቅ። የገዛኸውን ዕቃ ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጥ፣ የተነሱትን የራሺያ ዕቃዎችም አትጣል፣ ስትሸጠው ወደ አደን መልኩ መመለስ የሚፈልግ አለ፤ በራሺያው ፋብሪካ ላይ ከተጣለው የ2014 የአሜሪካ ማዕቀብ ወዲህ አዲስ ሳይጋ ስለማይገባ ዋጋው ጥሩ ነው።

የዳላሱ፦
እሺ። ጋርላንድ አካባቢ ክላሽ የሚያውቅ ላይሰንስ ያለው ጠመንጃ ሠሪ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሴ አልነካውም።