ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሥራው ምን ነበር?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ወንድሞች። ቅዳሜ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በብስክሌት ስወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉልበቴ አለቀ። ወርጄ ገፋሁት። ያኔ ብስክሌተኛው ጽጋቡ ትዝ አለኝ። ቱር ደ ፍራንስ፣ ያ የፈረንሳይ የሦስት ሳምንት የብስክሌት ውድድር ላይ፣ አንድም ቀን አላሸነፈም። ታዲያ ትልልቅ ቡድኖች ለምን ፈለጉት?

የፒያሳው፣ ደሴ፦
ወንድሜ፣ በወጣትነቴ እዚያው ዳገት ላይ እሽቀዳደም ስለነበር ጥያቄህ ልቤን ነካው። የጽጋቡ ዋና ሥራ ለቡድን መሪው፣ ማለትም ቡድኑ እንዲያሸንፍለት ለሚፈልገው ብስክሌተኛ፣ መልፋት ነበር። ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይቀበላል። ከኋላው የተጠጋው ጉልበት ይቆጥባል። ወደ ቡድኑ መኪና ተመልሶ የውኃ ኮዳ ይሸከማል፤ ከዚያ እንደገና ሮጦ ይደርሳል። ይህን ሦስት ሳምንት አስበው!
እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ቡድኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ነበር። የቡድን ጓደኛው፣ ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ሜንትጄስ፣ 8ኛ ወጣ። እዚያ ውጤት ውስጥ የመቐለው ልጅ ላብ አለበት፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። በኋላ ባህሬን ሜሪዳ፣ ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ ሚቸልተን ስኮት የተባሉ ቡድኖች ወሰዱት። ዳገት የሚችል፣ ለሌላው የሚለፋ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ቦርከና፦
ሐረጎን ከሥር ጀምረህ አትብረር። ማርሹን ቀድመህ አቅልለው፣ ውኃም ሳይጠማህ ጠጣ።

የኮምቦልቻው፦
እናመሰግናለን ጋሼ። ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እወጣለሁ። እሱ ከእኔ ይደክማል፣ ነፋሱን እኔ እይዝለታለሁ።