የመጽሐፍ ግዢው ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ቅዳሜ ብቻ

ጸሐፊ፦ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ቡድናችን ረቂቅ ይኸው። 14 አባል፣ በነፍስ ወከፍ 600፣ ድምሩ 8,400 ብር። ሦስት የስክሪፕት መጻሕፍት እንገዛለን፦ የሲድ ፊልድን «ስክሪንፕሌይ»፣ የሮበርት መኪን «ስቶሪ»፣ የብሌክ ስናይደርን «ሴቭ ዘ ካት»። በየሳምንቱ አንድ ሰው አንድ ምዕራፍ አንብቦ ለሌሎቻችን በአማርኛ ያስረዳል። በስድስት ወር ውስጥ እያንዳንዳችን አንድ ሙሉ ስክሪፕት እንጨርሳለን። የአምናው የካሜራ ጉዳይ እንዳይደገም ያለ ደረሰኝ ምንም አይገዛም።

ገንዘብ ያዥ፦ የከፈላችሁት ዘጠኝ ናችሁ። እጄ ላይ ያለው 5,400 ብር ነው። ያልከፈለ ሰው መጽሐፍ አይምረጥ።

የዘጌው፦ ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ልናገር። ፊልድ ይቅደም። የስክሪፕቱን 120 ገጽ መጀመሪያ፣ መካከል፣ መጨረሻ ብሎ 30፣ 60፣ 30 አድርጎ ይከፍልልሃል። ጀማሪ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። መኪ ጥልቅ ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግማሾቻችን እንጠፋለን።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ስናይደርን ከዝርዝሩ አውጡልኝ። 110 ገጽ፣ 15 ነጥብ፣ ገጽ 12 ላይ ነገሩ ይፈንዳ ይላል። እኛ ቤት እንግዳ የመጣበትን ጉዳይ የሚያወጣው ቶናው ሲቀዳ ነው። ሦስት ክፍል ከተባለ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለን።

የዘጌው፦ ጋሼ፣ በረካ እኮ የቀጠነው ነው። የፊልም መጨረሻ ከቀጠነ ተመልካቹ ተነስቶ ይሄዳል።

ከፎቶ ኮፒ ቤት፦ ተራ ቁጥር 4 ይውጣ። «አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ የፊልም ደቂቃ ነው» የሚለው።

ጸሐፊ፦ ይሄ እኮ በዓለም የታወቀ ልኬት ነው።

ከፎቶ ኮፒ ቤት፦ ኩሪየር በሚባለው የፊደል ቅርጽ፣ በመጠን 12 ለተጻፈ እንግሊዝኛ ነው የታወቀው። ኩሪየር የአማርኛ ፊደል የለውም። እኛ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ነው የምንጽፈው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት። በላቲን ጻፋት፣ አምስት ትሆናለች። ስለዚህ የእኛ ገጽ ብዙ ይይዛል። ቀኑን ሙሉ ስክሪፕት ስተይብ ነው የምውለው፣ አይቼዋለሁ።

ጸሐፊ፦ ስለ ፊደል መጠን ነው የምንጨቃጨቀው? ገና መጽሐፉ ሳይገዛ?

የዘጌው፦ በመጠን 14 እንጻፍና ፊደሉ ይተልቅ።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ 14 ለማስታወቂያ ነው።

ባጃጁ፦ እኔ ደግሞ በእጄ ነው የምጽፈው፣ በደብተር። የእኔ ገጽ ስንት ደቂቃ ነው?

ጸሐፊ፦ እባካችሁ ወደ ረቂቁ እንመለስ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ስሠራ የማድር እኔ፣ የሚያፈርስ ሁሉም። ከፈለጋችሁ ጸሐፊነቱን ውሰዱት።

ከፎቶ ኮፒ ቤት፦ ማንም አላፈረሰም። ትናንት ማታ የራሴን አንድ ገጽ ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ሰዎች ታንኳ ላይ ሲጣሉ ነው። መቅዘፊያው ሲወድቅ ያለውን ዝምታ ሳይቀር ጠብቄ በስልኬ ለካሁት፤ 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። እንዲህ ያለ 90 ገጽ ይዤ ብሄድ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ፕሮዲውሰሩ ያባርረኛል፣ መጽሐፉ አያድነኝም። የምከራከረው ለዚህ ነው።

ጸሐፊ፦ እሺ። ይሄን አላሰብኩትም። የተናገርኩትን ተዉልኝ፣ ደክሞኝ ነው።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ ልጅቷ ልክ ናት። ሁላችንም አንድ አንድ ገጽ እናምጣና እንለካ። የራሳችንን ልክ እንወቅ።

የዘጌው፦ የት? ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ደጅ ላይ ጫጫታ ነው። ወደ እኛ ወደ ዘጌ በጣና ላይ በጀልባ ኑ። ቡናው ከጓሮ ነው፣ ከዛፉ ሥር እናነባለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ጀልባው ከምን ሊከፈል ነው?

የዘጌው፦ ከመጽሐፉ ብር። ፊልድን ብቻ እንግዛ፣ የተረፈው ለጀልባ።

ጸሐፊ፦ ያ እኮ የመጽሐፍ ብር ነው። ደግሞስ ከአዲስ አበባ አመጣዋለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ማክሰኞ ዋጋ ጠይቄ እነግራችኋለሁ ብሎ ነበር።

ባጃጁ፦ መልእክቱን አይቶታል። ሁለት ጊዜ ደውዬለታለሁ፣ አያነሳም።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦ እሱ እስኪገኝ ዘጌ እንሂድ። ፊልድም በ1979 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ አማርኛ አልታየውም። ለክተን ስንመለስ በየትኛው ገጹ ላይ እንደምንከራከረው እናውቃለን።

ጸሐፊ፦ በረቂቁ ላይ ተራ ቁጥር 4ን «የአማርኛ ገጽ ልኬት፣ ዘጌ» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ተራ ቁጥር 1፣ የመጽሐፍ ግዢው፣ ለጊዜው ይቆይ። መኪ እና ስናይደር ወጥተዋል።

ከፎቶ ኮፒ ቤት፦ ሁላችሁም በኒያላ 12 ጻፉ፣ ዳር ዳሩን ሁለት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ተዉ። ባጃጅ፣ ያንተን ደብተር አምጣልኝ፣ በነፃ እተይብልሃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጀልባውን ለስንት ሰው ልያዝ? ለ14 ነው ለከፈሉት ዘጠኝ?