አስቸኳይ፦ ጅማ ውስጥ እህቴን የሚያናግር ባለሙያ የት ላግኝ?

የሄርማታዋ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ ከክፍሏ አልወጣም ብላለች። ምግብ አትቀምስም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። አንድ የቴሌግራም ቻናል ፊቷን ከራቁት ገላ ጋር አቀናብሮ፣ ከስር ስልክ ቁጥሯን ጽፎ ለቆታል። የማናውቃቸው ወንዶች ሌሊቱን ሙሉ ይደውላሉ። አሁን ደግሞ አንዱ «በቴሌብር ብር ካላስገባሽ ለእናትሽ እልካለሁ» ብሏታል። አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ነበር፣ ተረኛው «ስልኳን አጥፉት» ብሎ መለሰን። አሁን የምፈልገው ቁጭ ብሎ የሚያናግራት ሰው ነው። ቻናሉ ይኸው፦

አስተዳዳሪ
ሊንኩን አንስቼዋለሁ። ለመርዳት ብለን ስንከፍተው ተመልካች እየጨመርንለት ነው። እህቴ፣ ሊንኩን ለራስሽ ያዢው፣ ለፖሊስ ያስፈልግሻል።

ጋሽ መምህር
እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ልጆቻችን ፎቷቸውን ለዓለም በትነው ሲያበቁ ነው የሚያለቅሱት። ወላጅ ስልክ ገዝቶ ይሰጣል፣ ከዚያ አይቆጣጠርም። ድሮ ፎቶ አልበም ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ የሚያየውም ወደ ቤት የገባ እንግዳ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ አለባት።

የሄርማታዋ
ጋሼ፣ የወሰዱት ፎቶ ኢድ ቀን ከእናታችን ጋር የተነሳችው ነው። ሂጃብ አድርጋለች። ከዚህ በላይ ምን ትጠንቀቅ?

ሞባይል ጥገና
ቻናሉን ሪፖርት አድርጉት። ፖስቱን ነክተሽ ሪፖርት የሚለውን ምረጪ፣ ምክንያት ሲጠይቅሽ ትክክለኛውን ስጪ። ከዚያ በፊት ግን የቻናሉን ስም፣ ሊንኩንና የተለቀቀበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። እነዚህ ሰዎች ስም ይቀያይራሉ።

ኪቶ ፉርዲሳ
ሪፖርት አድርጉ! ሁላችንም ሪፖርት እናድርገው!

እውነቱን ልናገር
ካውንስሊንግ ምን ይሠራላታል? ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ የታመመው ሰውየው ነው። እሱ ይያዝ፣ እሷ በራሷ ትድናለች። ሳይካትሪ ወስዳችሁ ደግሞ «አብዳለች» እንዳታስብሏት። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት።

ነርስ ነኝ
ወንድሜ፣ እንዲህ ያለው ንግግር ነው ሰውን ቤት የሚያስቀረው። የማይተኛና የማይበላ ሰው እርዳታ ይገባዋል። ሰውየው እስኪያዝ ቆይ አይባልም።
የሄርማታዋ፣ አሁኑኑ የምታደርጊው አለ። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልላታል። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት። ቀጥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። አላሰብኩም ካለችም እዚያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንቅልፍ ያጣና የተጨነቀ ሰውም ይታይበታል።
ሰው ያየኛል ብላ ከፈራች በስልክ ጀምሩ። 6388 አለኝታ ነው፣ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ነፃ መስመር ነው። ራሷ መናገር ካልቻለች አንቺ ደውለሽ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጪው።

ባጃጁ
እኔ ስለ ምክር ምንም አላውቅም። ግን የሚደውሉትን ሁሉ ለእኔ አስተላልፉልኝ፣ የእኔ ድምፅ ጅሬን ያለውን ጅብ ያባርራል 😄
ቁም ነገሩን ልናገር። የእህታችን ልጅ ላይ እንዲህ ሲደርስ ሲም ካርዷን አውጥተን አጎቷ ስልክ ውስጥ ከተትነው። እሷ በሌላ ቁጥር ተረጋግታ ተቀመጠች፣ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ደግሞ ለማስረጃ ተያዘ። ተረኛው ያላችሁን አትስሙ፣ ስልኩ ከተዘጋ ማስረጃውም አይያዝም። ሐኪም ቤት ለመሄድ መኪና ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሒሳብ የለም።

ኪቶ ፉርዲሳ
ሪፖርት አድርጌያለሁ በሉና ስንት እንደሆንን እንቁጠር።

አስተዳዳሪ
ሊንኩ ተነስቷል አልኩ እኮ።

ሕግ ተማሪ
ብሩን እንዳትልኩ። አንዴ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። ብሩን ላኪበት ያለበትን ቁጥር ግን በደንብ ያዙት፣ የቴሌብር ሒሳብ በሰው ስም ነው የሚመዘገበው። ለፖሊስ ትልቅ ፍንጭ ነው።
የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በዚህ ዓይነት መንገድ ማስፈራራትንና ሰውን በመልእክት እየደጋገሙ ማስጨነቅን ወንጀል ያደርገዋል፣ በእስራትም ያስቀጣል። ስለዚህ «ስልክ አጥፉ» መልስ አይደለም። ተመልሳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቁ፣ አቤቱታውን በጽሑፍ ስጡ። የሚጽፍላችሁ ካጣችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በ7711 ምክር ይሰጣል።
ዕድሜዋ ስንት ነው? ይኼ ወሳኝ ነው።

የሄርማታዋ
17። 12ኛ ክፍል ናት፣ ማትሪክ ደርሶባታል። አጋሮ አጎታችን ጋር ልውሰዳት እንዴ?

ሕግ ተማሪ
17 ከሆነች ነገሩ ይከብዳል። የልጅ የወሲብ ምስል ማሰራጨት በዚያው አዋጅ አንቀጽ 12 ይታያል፣ ቅጣቱም ከበድ ይላል። ሪፖርት ስታደርጉም በልጆች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚለውን ምረጡ። ምስሉን ለማንም አታስተላልፉ፣ ለዘመድም፣ ሊረዳኝ ነው ለምትሉት ሰውም። ፖሊስ ካየው ይበቃል።

ሞባይል ጥገና
ከ18 ዓመት በታች ላሉ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፣ የአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ማዕከል ነው የሚያስኬደው። በኮምፒዩተር የተቀናበረ ምስልም ይቀበላል። ምስሉ ከስልኳ አይወጣም፣ የቁጥር አሻራው ብቻ ነው የሚላከው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ፈልገው ያግዱታል። ቴሌግራሙን ግን እዚያው በሪፖርት ነው የምትታገሉት።

ነርስ ነኝ
አጋሮ እሷ ከፈለገች ጥሩ ነው። እሷን ሳትጠይቂ ግን አትውሰጃት። እስካሁን የሆነባት ሁሉ ሳትጠየቅ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
እናትሽ ያውቃሉ?

የሄርማታዋ
አታውቅም። ደም ግፊት አለባት፣ ትወድቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።

የሁለት ልጆች እናት
የእኔ ልጅ፣ ሰውየው እጁ ላይ ያለው ማስፈራሪያ ይኸው ብቻ ነው። «ለእናትሽ እልካለሁ» ነው የሚለው። እናትሽ ቀድመው ከእናንተ ከሰሙ የሚያስፈራራበት ነገር አይኖረውም። ምስሉን አታሳዪያቸው። «የውሸት ፎቶ ሠርተው እያስጨነቋት ነው፣ አንቺ አጠገቧ ሁኚ» በያቸው። መድኃኒታቸውን ይዋጡና ቁጭ ብለው ይስሙሽ። ብቻሽን መንገር ከከበደሽ የምትቀርቧትን አክስት ጥሪ። ልጄ ላይ ቢደርስና ከሰው ብሰማው ኖሮ የሚያመኝ አለመነገሬ ነበር።

ኪቶ ፉርዲሳ
ቻናሉ ወረደ ወይስ አሁንም አለ? የሄርማታዋ?

ነርስ ነኝ
አሁን ቻናሉን ተዉት። 6388 አነሱልሽ?