ፖርቱጋልኛ ላይ ያለችው ጭረት፦ «ክራዝ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠመኔ፦

ሰላም ለቤቱ። ሊዝበን ውስጥ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ደጅ የሚቆመውን ጥቁር ሰሌዳ የምጽፈው እኔ ነኝ። ትናንት «ከ6 ዩሮ ጀምሮ» ለማለት «አ ፓርቲር ድ 6 ዩሮ» ብዬ ጻፍኩና አዋ ላይ ያችን ወደ ኋላ የተጋደመች ጭረት ጣል አደረግኩባት። ባለቤቷ መጣች፣ አየች፣ ምንም ሳትል በአውራ ጣቷ ጠረገቻትና ገባች። ጭረቷን ብቻ! ከሥሩ ደግሞ «ባካልያው አ ብራሽ» የሚል አለ (ያ የተፈለፈለ የባካልያው ዓሣ፣ ከእንቁላልና ከቀጫጭን ጥብስ ድንች ጋር)። እዚያ አ ላይም ጭረት አለ፣ እሱን ግን አልነካችውም። እኔ የተማርኩት ጭረቷ ለሴት ናት ተብዬ ነው፣ ብራሽ ደግሞ የወንድ ስም ነው። ጭንቅላቴ ዞረ። ለመሆኑ ይቺ «ክራዝ» የሚሏት ቃልስ ራሷ ምን ማለት ናት?

ያገር ልጅ፦

አይዞሽ እህቴ፣ አገሬውም ይሳሳታል።

ከቃሏ እንጀምር። ከግሪክኛ ነው የመጣችው፣ «ክራሲስ»፣ መደባለቅ ማለት ነው። ስለዚህ ክራዝ የጭረቷ ስም አይደለም። የጭረቷ ስም «አሴንቱ ግራቭ» ነው። ክራዝ የሚባለው ድርጊቱ ነው፤ ሁለት «አ» ጎን ለጎን ሲወድቁ አንዷ ሌላዋን ትውጣትና አንድ ይሆናሉ፣ ጭረቷ የሚቀረው ምልክት ናት። ሰው ሁሉ ግን ጭረቷንም ክራዝ ነው የሚላት፣ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው ልበላት።

ይሄ ደግሞ ለኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የኔን ስም እይው። «የአገር ልጅ» ነበር፣ «ያገር ልጅ» ሆነ። የአንተ ብለን ያንተ፣ ለአባቴ ብለን ላባቴ፣ ስለ አንቺ ብለን ስላንቺ እንላለን። ሁለት አናባቢ ተጋጨ፣ አንዱ ቀረ፣ ፊደሉ ራብዕ ሆነና ነገሩ አለቀ። እኛ ራብዕ አለን፣ እነሱ ራብዕ ስለሌላቸው ጭረት ጣሉበት። ክራዝ እንግዲህ የፖርቱጋልኛ «ያንተ» ናት ማለት ነው።

ሁለቱ አዎች እነማን ናቸው? አንደኛዋ መስተዋድድ ናት፣ «ወደ» ወይም «ለ» እንደማለት። ሁለተኛዋ የሴት ስም ፊት የምትቆም ጠቋሚ ናት፣ የኛን «-ዋ» የመሰለች። እኛ ጋ «ወደ ከተማዋ» ስንል «ወደ» ከፊት፣ «-ዋ» ከኋላ ስለሆኑ መቼም አይገናኙም። እነሱ ጋ ሁለቱም ከፊት ናቸው፣ ሁለቱም «አ» ናቸው፣ ስለዚህ መላተማቸው አይቀርም።

እዚህ ቁምፊው ስለማይመች ጭረት ያለባትን «ኣ»፣ የሌለባትን «አ» እያልኩ ልቀጥል።

አሁን ወደ ሰሌዳሽ። «ፓርቲር» ግስ ነው፣ መነሳት። ግስ ፊት የሴት ጠቋሚ ምን ትሠራለች? አትገባም። ስለዚህ ያለችው አንድ አ ብቻ ናት፣ አንድ አ ደግሞ ከማን ጋር ትደባለቅ? ባለቤቷ መጥረጓ ልክ ናት። ባካልያው ላይ ግን አንድ ቃል ተውጧል፦ «ባካልያው ኣ ሞዳ ዱ ብራሽ»፣ ማለት በብራሽ አሠራር። «ሞዳ» የሴት ጾታ ነው። ሴቲቱ ከሰሌዳው ላይ ጠፍታለች እንጂ አለች። የብራሽ ወንድነት ለውጥ አያመጣም።

ደግሞ «ለሴት ናት» ያሉሽ ነገር ግማሽ እውነት ነው። «አኬል» (ያኛው) የወንድ ቃል ነው፣ ግን ራሱ በአ ስለሚጀምር «ወደ ያኛው» ስትዪ ሁለት አ ተገናኝተው «ኣኬል» ይሆናል፣ በጭረት። እኛም እኮ «ወደዚያ» እንጂ «ወደ እዚያ» አንልም።

ስትጠራጠሪ አንድ ዘዴ አለ። ቃሉን በወንድ ቃል ቀይሪው። «ቮ ኣ ፕራሳ»፣ ወደ አደባባይ እሄዳለሁ። አደባባይን በገበያ ቀይሪ፦ «ቮ አው ሜርካዱ»። «አው» ከመጣች ሁለት ነገር ነበረ ማለት ነው፣ ጭረቷን አስገቢ። ዝም ብላ «አ» ከቀረች ተያት። በግር መሄድን ለምሳሌ «አ ፔ» ነው የሚሉት፣ «አው ፔ» የሚል የለም።

ሊዝበን መሆንሽ ደግሞ ዕድል ነው። ጆሮሽን ስጫቸው። ጭረት የሌላትን «ኧ» ነው የሚሏት፣ ጭረት ያላትን ደግሞ አፋቸውን ከፍተው «ኣ»። በግዕዝና በራብዕ መካከል ያለው ልዩነት በለው። ባለቤቷ ሰሌዳሽን ስታነብ «ኧ ፓርቲር» የሚለው አፏ ላይ እያለ የጻፍሽው «ኣ ፓርቲር» ሆኖባት ነው።

ፓውሊስታ፦

የሊዝበን ሰዎች ተመቻችሁ። እኔ ሳኦ ፓውሎ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ፣ እዚያ ሁለቱም በጆሮ አንድ ናቸው፣ ምንም ልዩነት የለም! ስለዚህ ብራዚል ውስጥ ክራዚ (እዚያ በ«ዚ» ነው የሚጨርሷት) በጆሮ ተሰምታ አትጻፍም። በየሱቁ መስኮት «ኣ ፓርቲር» በጭረት ተለጥፎ ታዩታላችሁ፣ ጠመኔ ሆይ ብቻሽን አይደለሽም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የፓርላማ አባል ክራዚ ከነጭራሹ ትቅር ብለው ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። አልሆነም። አንድ ገጣሚያቸው የተናገሯት «ክራዚ የተሠራችው ማንንም ለማዋረድ አይደለም» የምትል አባባልም አለች፣ ተማሪ ሁሉ ፈተና ሲወድቅ የሚያነሳት።

ለቦታ ስም ልጆቹ በዜማ የሚሸመድዷት አለች፦ «ኬይን ቫይ አ ኢ ቮልታ ዳ፣ ክራዚ አ፤ ኬይን ቫይ አ ኢ ቮልታ ዴ፣ ክራዚ ፕራ ኬ»። ሄዶ «ዳ» ብሎ የሚመለስ ክራዚ አለው፣ «ዴ» ብሎ የሚመለስ ክራዚ ለምኑ ነው? «ዳ» ማለት «ከ» እና የሴት ጠቋሚ ተቀላቅለው ነው። ከባይያ ሲመለሱ «ዳ ባይያ» ይላሉ፣ ስለዚህ ሲሄዱ «ኣ ባይያ»። ከብራዚሊያ ሲመለሱ ጠቋሚ የለም፣ ስለዚህ ሲሄዱም «አ ብራዚሊያ»፣ ባዶ።

በኛ ሞክሩት። ኢትዮጵያ ከነጠቋሚዋ ነው የምትጠራው፣ ስለዚህ «ቮ ኣ ኢትዮፒያ»፣ ጭረት አላት። አዲስ አበባ ግን ጠቋሚ የላትም፣ «ቮ አ አዲስ አቤባ»። አገሪቱን አክብረው ዋና ከተማዋን የነፈጓት ይመስላል። አንጎላና ፖርቱጋልም ጠቋሚ የላቸውም፣ ስለዚህ አይከፋሽ።

ሱቅ ስትገቢ ደግሞ «ኣ ቪስታ» እጅ በእጅ ነው፣ «አ ፕራዙ» በየጊዜው የሚከፈል። ቪስታ ሴት፣ ፕራዙ ወንድ። ይሄ በኪስ የሚገባ ሰዋስው ነው፣ እኔ ፍሪጅ ስገዛ ነው የተማርኩት።

ጠመኔ፦

እናንተ ሰዎች! ዛሬ የበራችንን ጽሑፍ ቆሜ አነበብኩት። «ድ ሴጉንዳ አ ሴሽታ፣ ዳሽ 9 ኣሽ 18»። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ9 እስከ 18 ሰዓት ማለት ነው። አንድ መስመር ላይ አንዷ ባዶ፣ አንዷ ባለ ጭረት። ይሄስ ስህተት ነው?

ያገር ልጅ፦

ልክ ነው፣ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኚም። ከፊት ያለችውን እያት። «ድ» ባዶ ከሆነች አጋሯም ባዶ «አ» ናት። «ዳሽ» ብሎ ጠቋሚ ከያዘ (ሰዓት የሴት ብዙ ነው) አጋሯም ትይዛለች፣ «ኣሽ»።

ጭረቷ ትርጉም እንደምትገለብጥም ልንገርሽ። «ባቴው ኣ ፖርታ» በሩን አንኳኳ። «ባቴው አ ፖርታ» በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። «ሼጎው ኣ ኖይቲ» ማታ ደረሰ (ሰውየው)። «ሼጎው አ ኖይቲ» መሸ፣ ሌሊቱ ራሱ መጣ። አንዷን ጭረት ብትረሺ እንግዳው ቀርቶ ጨለማው ይገባልሻል።

ፓውሊስታ፦

አንድ ጨምር፦ ድሮ ጭረቷ ሌላም ሥራ ነበራት፣ «ካፌዚኙ» (ትንሽዬዋ ቡና) ውስጥ እንኳ «ፌ» ላይ ትጻፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ብራዚል በ1971፣ ፖርቱጋል በ1973 ያንን አስቀሩት። አሮጌ መጽሐፍ ላይ ስታያት አትደንግጪ።

ጠመኔ፦

የመጨረሻ። ሰሌዳው ግርጌ «አቴ ኣሽ 22» የሚል አለ፣ «እስከ 22 ሰዓት»። ልጥረጋት?

ያገር ልጅ፦

ኧረ ተያት! ሊዝበን ውስጥ የተለመደው እሱ ነው።

ፓውሊስታ፦

ብራዚል ብትሆኚ ሁለቱም ያስኬድሽ ነበር። አንቺ ግን ባለቤቷ አውራ ጣቷን እንዳታነሳ፣ እንዳለች ትቀመጥ።