ፀሐይ ላይ የካሜራ ስክሪን አልታይ ላለኝ ምን ትጠቁሙኛላችሁ? (ባሕር ዳር፣ ማርቆስ)

ጠያቂው፦ እንደምን ዋላችሁ? የምሠራበት ካሜራ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 ነው፤ ቪውፋይንደር (ዓይን ለጥፈው የሚያዩበት መስኮት) የለውም። ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞችን በዓል በቪዲዮ ልቀርጽ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑን ሳየው የሚታየኝ የራሴ ፊት ብቻ ነው። የስክሪን ጥላ ልግዛ ወይስ ሞኒተር (ካሜራው ላይ በገመድ የሚገጠም ሌላ ስክሪን)? የትስ ይገኛል?

ማርቆሴ፦ መጀመሪያ እሱን ካሜራ ማን ግዛ አለህ? ካኖን 200ዲ ብትይዝ ዓይንህን ለጥፈህ ትገላገል ነበር።

ጠያቂው፦ ወንድሜ፣ ካሜራ ምረጡልኝ አላልኩም።

ዳሞቴ፦ ደግሞም 200ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ መስታወቱ ይነሳና ቪውፋይንደሩ ድርግም ነው የሚለው። እሱም ያው ስክሪን ነው የሚያይ።

የጣና ዳር፦ ጥላ ከገዛህ ስክሪንህን ለክተህ ሂድ። ባሕር ዳር አንድ ሱቅ (ስሙን አልጠራም) ለ3 ኢንች ስክሪን የ3.5 ሸጠልኝ። «ልክክ ይላል» አለኝ። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ላስቲኩ ተበጠሰና ጥላው ሄዶ ሚዜዎቹ እግር ስር ተንከባለለ። ልመልስ ብሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» ብሎኝ ቁጭ! ሳልከፍተው እንዴት ልሞክረው ኖሯል?

ጊዮናዊት፦ እኔንም እንዲሁ ሠርተውኛል! የኔ ግን ባትሪ ነው። ሙሉ ያሳይና ወዲያው ድርቅ።

የሱቁ ደንበኛ፦ የማን ሱቅ እንደሆነ ገብቶኛል። ስም ባታጠፉ ጥሩ ነው። እኔ ከሱ ሌላ ቤት አልገዛም። ሻይ ሳያስጠጣ ሸኝቶኝ አያውቅም።

ዳሞቴ፦ ሻዩ ስንት ኢንች ነው?

አዛውንቱ ካሜራማን፦ ልጄ፣ ገንዘብህን ሳታወጣ ሜኑው ውስጥ ግባና የሞኒተር ብራይትነስን (የካሜራውን የራሱን ስክሪን ድምቀት) «ሳኒ ዌዘር» (ለፀሐይ) ላይ አድርገው። ባትሪ ይበላል፤ ትርፍ ያዝ። ግን በስክሪኑ ድምቀት ብርሃን አትለካ። ምስሉ የበራ መስሎህ ታጨልመዋለህ። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) እይ፤ ዜብራም (ብርሃን የበዛበትን ቦታ በሰረዝ የሚያመለክተውን) ክፈት። ፖላራይዝድ መነጽር ካደረግህ አውልቀው፤ በአንዳንድ አቅጣጫ ስክሪኑን ጭራሽ ያጠቁረዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰህም አትቁም፤ ስክሪኑ ላይ የሚያንጸባርቅብህ እሱው ነው። ጥቁር ልበስ።

ጥላ ካልህ ዙሪያውን ብቻ የሚከልለውን ተወው። ሌንስና የዓይን ጎማ ያለውን፣ ዓይንህን የምትለጥፍበትን ፈልግ። ያንተ ስክሪን ወደ ጎን ስለሚከፈት ገልብጠህ ጀርባው ላይ ዝጋውና እዚያ ላይ እሰረው። ሞኒተር የምትገዛ ከሆነ ከ1,000 ኒትስ (የስክሪን ድምቀት መለኪያ ነው) በታች አትቀበል። ገመዷንም አጥብቀህ እሰራት። በዚያ ግርግር ፈረስ ሲመጣብህ መሸሽህ አይቀርም፤ የምትነቀለው ያኔ ነው።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ!

ማርቆሴ፦ 200ዲ አሁንም ጥሩ ካሜራ ነው።

የእንጅባራው፦ የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። እናንተ ስለ ላስቲክ ትጨቃጨቃላችሁ። ይልቅ ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ማለዳው ይበርዳል። ያችን ጋቢ ለጠዋት ያዛት።

ጠያቂው፦ ለዋዜማው አልጋ ይገኛል?

የእንጅባራው፦ ካሁኑ ካልያዝህ የለም።

የሱቁ ደንበኛ፦ ባለሱቁን ጠይቀው። እንጅባራ የማያውቀው ሰው የለም።

የጣና ዳር፦ የ3.5 አልጋ እንዳይሰጥህ!