ከገዳም ውጭ በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መኖር

ጥያቄ፦ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ለመነኮሳት የጻፈውን ሥርዓት እንዴት ይይዘዋል? ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት መጠበቅ ግድ ነው?

መልስ 1፦ ግድ አይደለም። በሥርዓቱ ምዕራፍ 16 ላይ ያሉት ሰባቱ ሰዓታት የተሠሩት ለመነኮሳት ማኅበር ነው። ጠዋትና ማታን አጥብቀህ ያዝ። ለተመስጦው (በዝምታ ለሚደረገው ጸሎት) ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፦ ጀርባህን አቅንተህ ተቀመጥ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ «ማ-ራ-ና-ታ» (በአራማይክ «ጌታችን ሆይ፣ ና») የሚለውን እኩል እየከፈልክ በልብህ ደጋግመው። ሐሳብ ሲመጣ አትታገለው፤ ወደ ቃሉ ተመለስ። ብዙዎች የሚሰናከሉት ቃሉን በየጊዜው ሲቀያይሩ ነው፤ ልብ ምርጫ ላይ ይቀራል። ደወል ሙላ፣ አለዚያ ሰዓት ስታይ ያልቃል።

መልስ 2፦ ንባቡም አይረሳ። ከወንጌል ከ5 እስከ 10 ቁጥር ቀስ ብለህ አንብብ፣ የነካህን ቃል አሰላስል፣ በእሱ ጸልይ፣ ከዚያ ዝም በል። ምዕራፍ ልጨርስ ካልክ ጥናት ሆነ (ጥናት መጥፎ ነው አላልኩም)።

መልስ 3፦ ኦብሌት (በዓለም እየኖረ ሥርዓቱን የሚከተል የገዳም አጋር) ልሁን ካልክ ከአንድ ገዳም ጋር ትተሳሰራለህ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ የዝግጅት ጊዜ አለው። የምንኩስና መሐላ ስላልሆነ ትዳርህን አይነካም። በራስህ ፈቃድ ጾም አትጨምር፤ ምዕራፍ 49 ያለ መንፈሳዊ አባት ፈቃድ የሚደረገውን ትዕቢትና ከንቱ ውዳሴ ይለዋል።